ለማን ልምረጥ ከማለት በፊት

ኢትዮጵያ እያለሁ ፕሬዚዳንት መርጬ አላውቅም። እናንተም አልመረጣችሁም። በሕገ መንግሥታችን ፕሬዚዳንቱን የሚሰይሙት ሁለቱ ምክር ቤቶች ናቸው። እኛ የምናውቀው ለፓርላማ መምረጥ ነው፤ እሱንም በምልክት። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ወረፋ ይዤ የቆምኩት "ንብ ወይስ ሁለት ጣት" የሚለውን ለመመለስ ነበር። የሰፈሬን ዕጩዎች ስም እንኳ በቅጡ አላውቅም።

ከዚያ ዲቪ ደረሰኝና አሜሪካ፣ ጆርጂያ ስቴት ገባሁ። ሲቲዝንሺፕ ስወስድ ደግሞ የኢትዮጵያ ዜግነቴ ቀረ። ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ አለኝ። አገሬ ያለ ቪዛ ያስገባኛል፤ ድምፅ ግን አያሰጥም። ስለዚህ አሁን ያለኝ ድምፅ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እዚህ ነው። ይህን የምጽፈው እንደኔ ዜግነት ወስደው፣ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲመጣ "እኔ ማን ነኝና፣ ምንስ አውቄ?" ለሚሉ ነው። ማንን እንደመረጥኩ አልነግራችሁም። እንዴት እንደምወስን ግን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በየአራት ዓመቱ የቴሌግራም ግሩፖቻችን ይሞቃሉ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ "ለኢትዮጵያ የሚሻለው የቱ ነው?" ጥያቄው ከልብ የመጣ ነው። እናትና አባቱ እዚያ ያሉ ሰው ሌላ ምን ይጠይቅ? ግን ብቻውን ሲሆን የት እንደሚያደርስ አይተናል።

በኦክቶበር 2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በስልክ ንግግራቸው ላይ ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው ትችላለች የሚል ነገር ተናገሩ። ከዚያ በፊትም አስተዳደራቸው በግድቡ ምክንያት የተወሰነ እርዳታ ይዞ ነበር። ብዙ የማውቃቸው ሰዎች በዚያች ንግግር ብቻ ወሰኑ፤ ባይደንን መረጡ። ዓመት ሳይሞላ፣ በሴፕቴምበር 2021፣ ባይደን ከሰሜኑ ጦርነት ጋር በተያያዘ ማዕቀብ የሚያስጥል ትእዛዝ ፈረሙ። በጃንዋሪ 2022 ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ከአሜሪካው የቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል፣ ወጣች። እነዚያው ሰዎች "ተከዳን" አሉ። በሌላ በኩል ቤተሰቧ ትግራይ ውስጥ የነበረች የሥራ ባልደረባዬ ያንኑ ትእዛዝ "ዘገየ እንጂ" ብላ ነው የተቀበለችው። አንድ ወረቀት፣ አንድ ፊርማ፣ ሁለት ኢትዮጵያዊት። ታዲያ "ለኢትዮጵያ የሚሻለው" ሲባል ለየትኛችን ነው?

ደግሞ ፓርቲ ይዞ ውለታ መመለስም አያስኬድም። ብዙዎቻችንን ያመጣን ዲቪ የተፈጠረው በ1990ው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ሕጉን ያወጣው ዲሞክራቶች የሚበዙበት ኮንግረስ፣ የፈረሙት ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ ትልቁ። በስደተኝነት የመጡትን ያስገባው የ1980ው ሕግ የፈረሙት ዲሞክራቱ ጂሚ ካርተር ናቸው። አገር ቤት ለስንቱ የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ ያደረሰውን ፔፕፋርን በ2003 ያስጀመሩት ደግሞ ሪፐብሊካኑ ትንሹ ቡሽ። "እኛ የእነ እንትና ነን" የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህን እነግረዋለሁ። አይወደኝም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የዕጩዎቹ ስም በየቦታው ከመሰቀሉ በፊት፣ ማለትም ፓርቲዎቹ ዕጩአቸውን የሚመርጡበት ፕራይመሪ ሳይጀመር፣ ወረቀት አወጣና የማምንባቸውን ነገሮች እጽፋለሁ። ስም የለበትም፤ ፓርቲም የለበትም። ስሙ ከመጣ በኋላ ከተጻፈ ዋጋ የለውም። ሰው ዕጩውን ከወደደ በኋላ መርህ ፈልጎ ማግኘት አያቅተውም።

የመጀመሪያው ወረቀቴ ረጅም ነበር። ለስደተኛ የሚራራ። የማይዋሽ። ሃይማኖትን የሚያከብር። ኢትዮጵያን የማይነካ። ኑሮ የሚያረክስ። ሲሸነፍ የሚለቅ። ሕግ የሚያከብር። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ችግር የሚገባው... እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ባለቤቴ አንብቦት "ኑሮ የሚያረክስ መርህ ነው እንዴ? እሱማ ሁሉም ይፈልጋል" አለኝ። ልክ ነው። ኑሮ እንዲረክስ መመኘት እኔን ምንም አያስከፍለኝም፤ አይፈትነኝምም። ኑሮን አልናቅሁትም፣ የቤት ኪራይ እኔም እከፍላለሁ። ግን እሱን በሌላ ወረቀት ጻፍኩት፤ ፍላጎቴ በሚል።

የቀሩትን የማጣራው በአንድ ጥያቄ ነው። ይህን ነገር የምወደው ዕጩ ቢያደርገውስ? "እሱ ምክንያት አለው" ብዬ የማልፈው ከሆነ መርህ አልነበረም፤ ለሌላኛው ወገን ያዘጋጀሁት ዱላ ነው። መርህ የምለው የራሴ ሰው ሲጥሰው የሚያመኝን ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሞክሩት ግን። "ሥልጣኑን ለዘመዱ የማይጠቀም" ብዬ ጽፌ ነበር። ባይደን ለልጃቸው ምሕረት አላደርግም ሲሉ ቆይተው በዲሴምበር 2024 ምሕረት ሰጡት። ትራምፕም በዲሴምበር 2020 ለአማቻቸው አባት ምሕረት ሰጥተው ነበር። በግሩፓችን ውስጥ የአንዱን ሲያወግዝ ያመሸ ሰው የሌላውን ሲጠየቅ "እሱ ይለያል" ይላል። ስልኬን አስቀምጬ ራሴን ጠየቅኩ፤ ሁለቱም ይረብሹኛል? አዎ። ስለዚህ ወረቀቴ ላይ ቀረ። "ኮንግረስን ዘሎ በራሱ ፊርማ ብቻ አገር የማያስተዳድር" የሚለው ግን ወደቀ። ለምን ብትሉ፣ ኦባማ በ2012 ልጅ ሆነው የመጡ ስደተኞች እንዳይባረሩ የሚከላከለውን ዳካን ሲያውጁ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሌላው ፕሬዚዳንት በፊርማው በር ሲዘጋ ደግሞ ተናደድኩ። እኔ የምቃወመው ፊርማውን ሳይሆን የተፈረመውን ነገር ነው ማለት ነው። ሰረዝኩት።

ከወረቀቱ ላይ ምንም ሳይነካው የቀረው አንድ ነው፤ "ሲሸነፍ የሚለቅ"። ይህ ከየት እንደመጣ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኛ አቆጣጠር ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው ይገባዋል። አጣሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ያረጋገጠው የሟች ቁጥር ወደ 200 ይጠጋል። ያኔ ምርጫውን ሊታዘቡ አዲስ አበባ ከመጡት አንዱ ጂሚ ካርተር ነበሩ፤ የዚሁ የጆርጂያ ሰው። እሳቸው በ1980 ተሸንፈው ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ መንደራቸው የተመለሱ ናቸው። አል ጎርም አሉ። በ2000 በአገር አቀፍ ቆጠራ ብዙ ድምፅ አግኝተው፣ ፍርድ ቤት ቆጠራውን ካስቆመ በኋላ ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። ምክትል ፕሬዚዳንት ስለነበሩ የራሳቸው ሽንፈት በኮንግረስ ሲጸድቅ ስብሰባውን የመሩትም እሳቸው ነበሩ። እዚህ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ተራ ነገር ነው። ለኔ ግን አይደለም። በጃንዋሪ 2021 ትራምፕ ለጆርጂያ የምርጫ ኃላፊ ደውለው 11,780 ድምፅ ማግኘት እንደሚፈልጉ የተናገሩበት ቅጂ ሲወጣ፣ ጎረቤቶቼ እንደ ፖለቲካ ዜና ሰሙት። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። እዚህ ጋ ታዲያ ያንኑ ጥያቄ ለራሴ አነሳሁ፤ የምደግፈው ሰው ቢሆን ኖሮስ? ያኔም አልመርጠውም። ይህ ለኔ ከሌሎቹ ጋር የሚመዘን አይደለም፤ በሩ ላይ የቆመ ነው። ያላለፈውን ወደ ውስጥ አላስገባም። የእናንተ በር ላይ የሚቆመው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ግን ይኑራችሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የኛን ሰው ለሁለት የሚቀደው እዚህ ነው።

ያደግኩት በቤተ ክርስቲያን ነው። ስለ ፅንስ የተማርኩት ግልጽ ነው፤ ሕይወት ነው። ሙስሊም ጓደኞቼም ከዚህ ብዙ አይርቁም። በሌላ በኩል ስደተኛ ነኝ። ሱዳንና ሊቢያ የቀሩ የሰፈሬ ልጆች አሉ። እዚህ አገር እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ዕጩ ጋ አብረው አይገኙም። አንዱን የያዘ ሌላውን ጥሏል። ሁለቱም ደግሞ የኔን ጥያቄ አልፈዋል፤ የምወደው ሰው ቢጥሳቸው ያመኛል። ምን ይደረግ?

እኔን የረዳኝ አንድ ሌላ ጥያቄ ነው። በዚህ ነገር ላይ የፕሬዚዳንቱ እጅ ምን ያህል ይደርሳል? መርህ ሁሉ እኩል የፕሬዚዳንቱ ጉዳይ አይደለም። አንዳንዱ የስቴቱ ገዥ ነው፣ አንዳንዱ የኮንግረስ፣ አንዳንዱ የራሴ።

ስደተኛን እንውሰድ። በዓመት ስንት ስደተኛ ይግባ የሚለውን ጣሪያ የሚወስኑት ፕሬዚዳንቱ ናቸው። ኮንግረስን ያማክራሉ፤ ቁጥሩን የሚጽፉት ግን እሳቸው። የኦባማ የመጨረሻ ጣሪያ 110,000 ነበር። ትራምፕ በመጀመሪያው ዘመናቸው መጨረሻ 15,000 አደረሱት። ባይደን 125,000 አደረጉት። ትራምፕ ተመልሰው ለ2026 የበጀት ዓመት 7,500 አሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ብዕር። እጅ ይደርሳል ማለት ይህ ነው።

ፅንስ ማቋረጥን ደግሞ እንይ። በጁን 2022 ሱፕሪም ኮርት ጉዳዩን ለየስቴቱ መለሰው። ጆርጂያ ውስጥ የሚሠራው የልብ ምት ከተሰማ በኋላ፣ ማለትም ከስድስት ሳምንት አካባቢ ጀምሮ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር የሚከለክለው የስቴቱ ሕግ ነው። ስለዚህ ዋናው ውሳኔ ያለው አትላንታ ካለው ምክር ቤትና ከገዥው ጋ ነው። "እንግዲያው ፕሬዚዳንቱ አይነካውም" እንዳትሉ ግን። ያን ፍርድ የሰጡት ዳኞች ናቸው፤ ዳኛ የሚሾሙት ፕሬዚዳንቱ ናቸው። ሹመቱም የዕድሜ ልክ ነው። ትልቁ ቡሽ በ1991 የሾሟቸው ክላረንስ ቶማስ፣ እሳቸውም የጆርጂያ ልጅ፣ ቡሽ ካለፉም በኋላ ወንበሩ ላይ ናቸው። ስለዚህ እዚህም እጅ አለ፤ ቀጥታ ሳይሆን ዞሮ፣ ዛሬ ሳይሆን ለሠላሳ ዓመት።

እኔ እነዚህን ሁለት አስቀምጬ ስመዝን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ደፋ። ታላቅ እህቴ በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ጥያቄ መዝና ወደ ሌላኛው ደፋባት። ሁለታችንም ያለ ጭቅጭቅ ምሳ በላን። ከዚያ በፊት በነበሩት ምርጫዎች ይህ አይታሰብም ነበር፤ "አንቺማ ሃይማኖትሽን ረሳሽ"፣ "አንቺ ደግሞ ከየት እንደመጣሽ ረሳሽ" ነበር የምንባባለው። አሁን ቢያንስ የት ጋ እንደምንለያይ እናውቃለን።

ዕጩዎቹን በወረቀቱ ላይ ስመዝን ንግግር አልጠቀምም ማለት ይቻላል። ዲቤት አያለሁ፤ ግን እንደ ኳስ ጨዋታ ነው፣ ጎል ማን አገባ ብለን ተከራክረን እንተኛለን። ሥልጣን ላይ የነበረ ሰው ከሆነ የፈረመውን፣ የሻረውን፣ የሾመውን አያለሁ። ሴናተር ወይም የኮንግረስ አባል ከነበረ ድምፁን የሰጠበት ሁሉ በኮንግረሱ ድረ ገጽ ላይ አለ። ገዥ ከነበረ የዚያን ስቴት ጋዜጣ አገላብጣለሁ፤ የአገሬው ሰው ጉዱን ያውቃል። ማን ገንዘብ እንደሰጠው ለማየት ደግሞ የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን መዝገብ ለሁሉም ክፍት ነው። አድካሚ ነው፣ አልዋሽም። ከሽፍት መልስ እግሬን ሰቅዬ ነው የማነበው።

አንድ ነገር አደራ። በአማርኛ ድምፅ ተደርቦበት በቲክቶክ የሚዞረውን ቁራጭ ቪዲዮ እንዳታምኑ። ሙሉውን ፈልጉና ከፊቱም ከኋላውም ስሙት። የተተረጎመው ልክ ቢሆን እንኳ የተቆረጠበት ቦታ ነገሩን ይቀይረዋል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጆቻችሁን አስቀምጡና አስተርጉሙ። ልጅም ይማርበታል።

ሁለቱም ዋና ዕጩዎች ወረቀቱን ካላለፉስ? ይህ ጥያቄ በብዛት ይመጣብኛል። ትንሽ ፓርቲ መምረጥ፣ ቦታውን ባዶ መተው፣ ወይም ከሁለቱ የተሻለውን መያዝ። ሦስቱም ሕጋዊ ናቸው። የማልቀበለው "ድምፅህ ይባክናል" ብሎ ሰውን ማሸማቀቅን ነው። ዋጋውን ግን አውቃችሁ ክፈሉ፤ ዋጋው ደግሞ እንደምትኖሩበት ስቴት ይለያያል።

ምክንያቱም እዚህም ቢሆን ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ አንመርጥም። የምንመርጠው በስቴታችን ስም ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡ መራጮችን (ኤሌክተሮችን) ነው። በጠቅላላው 538 ናቸው፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር ስቴቱን ያሸነፈ የስቴቱን መራጮች ጠቅልሎ ይወስዳል። ጆርጂያ 16 አላት። በ2020 እነዚያ 16 የተወሰኑት በ11,779 ድምፅ ልዩነት ነው። በዚያው ምርጫ ጆርጂያ ውስጥ የሊበርታሪያን ፓርቲ ዕጩ ከ62 ሺህ በላይ አግኝታለች። በ2000 ፍሎሪዳ የተወሰነችው ደግሞ በ537 ድምፅ ነበር፤ የግሪን ፓርቲው ዕጩ ራልፍ ኔደር እዚያ ከ97 ሺህ በላይ ነበራቸው። ሜሪላንድ ያለችው ጓደኛዬ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነች። ስቴቷ ከ1992 ጀምሮ ያለማቋረጥ ለዲሞክራት ነው የሄደው። እሷ ለትንሽ ፓርቲ ብትሰጥ መልእክት ላከች ይባላል፤ ውጤቱ አይነቃነቅም። እኔ ጆርጂያ ውስጥ ሳደርገው ውጤቱን ልነካ እችላለሁ። ለዚህ ነው እሷ የምትመርጥበትን ድፍረት ለኔ እንድትመክረኝ የማልፈቅድላት።

ስም ጽፎ መምረጥም አለ። ጆርጂያ ውስጥ ግን አስቀድሞ በሕጉ መሠረት ያልተመዘገበ ሰው ስም ብትጽፉ አይቆጠርም። የጳውሎስን ወይም የአባታችሁን ስም መጻፍ ቀልድ ነው እንጂ ተቃውሞ አይደለም።

ስለ አዛውንቶቻችን አንድ ነገር ልበል። የሰፈራችን ጋሼ ዜግነት የወሰዱት በስተርጅና ነው። እንግሊዝኛ አያነቡም። ከምርጫው በፊት "ልጄ፣ አንቺ ያልሺውን እመርጣለሁ፣ ብቻ ንገሪኝ" አሉኝ። አልነገርኳቸውም። ቡና ይዘን ተቀመጥንና "ጋሼ፣ መሪ ምን ቢያደርግ ነው ይቅር የማይሉት?" ብዬ ጠየቅኳቸው። መልሳቸውን ከአንድ ሰዓት በላይ አዳመጥኩ። ደርግን ያየ፣ እስር ቤት የገባ ሰው ስለ መርህ ከኔ መማር የለበትም። የሚፈልጉት መረጃ ብቻ ነበር፤ ማን ምን እንዳደረገ። እሱን ከሁለቱም ወገን ነገርኳቸው።

በነገራችን ላይ ማንበብ የማይችል መራጭ የመረጠውን ሰው ይዞ ገብቶ መታገዝ መብቱ ነው። የፌዴራሉ የመራጮች መብት ሕግ አንቀጽ 208 ይላል። የማይፈቀደው አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ እንዲሆን ነው። ልጅ፣ ጎረቤት፣ የንስሐ ልጅ ይችላል። ጋሼን ይዤ ገባሁ፤ አነበብኩላቸው፤ ጣታቸውን ያሳረፉበትን ነካሁ። የመረጡት እኔ የመረጥኩትን አልነበረም። ዋሽቼ ሌላውን ብነካው የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት እኔንም ይመለከታል።

የምርጫ ወረቀቱ ላይ ከፕሬዚዳንቱ በታች ረጅም ዝርዝር አለ። ሸሪፍ፣ የትምህርት ቦርድ፣ የስቴት ምክር ቤት፣ አንዳንዴም የሕገ መንግሥት ማሻሻያ። ብዙ የኛ ሰው ከላይ አንዱን ነክቶ ይወጣል። ጆርጂያ ላላችሁ፣ "ማይ ቮተር ፔጅ" የሚባለው የስቴቱ ገጽ ላይ የናንተን የምርጫ ወረቀት ናሙና አስቀድማችሁ ማየት ትችላላችሁ። እቤት ቁጭ ብላችሁ ሙሉት፣ ይዛችሁት ሂዱ። ቤት የቀየራችሁ አድራሻችሁን አስተካክሉ፤ ምዝገባው ከምርጫው ቀን አንድ ወር ያህል ቀድሞ ይዘጋል። ፎቶ ያለበት መታወቂያም ያስፈልጋል። ጊዜው ያለፈበት የጆርጂያ መንጃ ፈቃድ ጭምር ይቀበላሉ፤ ጋሼ የመረጡት በእሱ ነው።